ታንኩን አታልብሱት

የአሮጌ ሞተር ሳይክል ታንክ ማፍሰስ ሲጀምር ጋራዥ ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ውስጡን በአሲድ እናጥበዋለን፣ ኢፖክሲ እናለብሰዋለን፣ ማታ መጥተህ ትወስዳለህ»። መካኒኩ ይለዋል፣ መለዋወጫ ሻጩ ይለዋል፣ የጓደኛው ሞተር ሲለብስ ያየ ጎረምሳም ይለዋል። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝም በአሜሪካም በድሮ ሞተር ወዳጆች ዘንድ ታንክ ማልበስ መደበኛ ሥራ ሆኖ ከተቆጠረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መድኃኒቱ ከነማጠቢያው በአንድ ካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ብዙ ሰው የተስማማበትን ነገር መቃወም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ፍርዱ ስሕተት ነው እላለሁ፤ ገና ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ታንኮችን እየገደለ ያለ ስሕተት።

ጥፋቱ የሚመጣው ነገሩን ከቀዳዳው በመጀመራችን ነው። ታንኩን ከሞተሩ አውርዳችሁ ገልብጣችሁ እዩት። የድሮ መካኒኮች ሳልባትዮ የሚሉት ይህ ዕቃ ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ሆድ ይመስላል። ከሥሩ ግን መሐሉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የሻሲውን ቧንቧ እንደ ኮርቻ ግራና ቀኝ አቅፎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት ወለል አለው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ። ታንኩ ውስጥ የገባ ውሃ ሁሉ ከቤንዚኑ ሥር ወርዶ እነዚያ ሁለት ወለሎች ላይ ይተኛል። በብዙዎቹ ሞተሮች የቤንዚን መዝጊያው ወደ ውስጥ የቆመች ቀጭን ቱቦ አለችው፤ ሪዘርቭ ላይ ሲደረግ እንኳ የሚቀዳው ከወለሉ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በታች ያለው ውሃ ሞተሩ በየቀኑ ቢነዳም አይወጣም። ላሜራው ውፍረቱ ቢበዛ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ውሃው እዚያ ተኝቶ ከውስጥ ሲበላው ይከርምና አንድ ቀን ከኋላ በታች በኩል፣ ሁለቱ ላሜራዎች የተገጣጠሙበት ስፌት ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ትወጣለች። ባለቤቱ የሚያውቀው ያን ቀን ነው። በሽታው ግን ዓመታት አስቆጥሯል።

ውሃው ከየት መጣ ለሚል፣ አብዛኛው በክዳኑ በኩል ነው የሚገባው። የታንክ ክዳን መተንፈሻ አለው፤ ባይኖረው ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተሩ አይወርድም። ቀን ፀሐይ ሲመታው ታንኩ አየር ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይስባል። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንክ በዚህ ዓይነት በየሌሊቱ ጤዛ ጠጥቶ ያድራል። እንደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች፣ ቀኗ ሞቆ ሌሊቷ በሚበርድ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ደግሞ ጨምሩበት። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል 5 በመቶ እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ማደያዎች መሸጥ ሲጀምር፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 10 በመቶ ሲያድግ፣ ሌላ የውሃ መንገድ ተከፈተ። ኢታኖል ውሃ ይወዳል። ከአየር እየሳበ ከቤንዚኑ ጋር አዋሕዶ ይይዘዋል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ውሃና ኢታኖሉ ተያይዘው ይለዩና ከሥር ይተኛሉ። በየቀኑ ለሚነዳ ሞተር ይህ ችግር አይሆንም፤ ቤንዚኑ ሳይቆይ ያልቃልና። የሚጎዳው የቆመው ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስትገድብ ስንቱ ሞተር ታንኩ ግማሽ እንደሆነ፣ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ እንደቀረ ያየ ያውቀዋል። እነዚያ ሞተሮች የዛጉት ሲነዱ አይደለም፤ ቆመው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውምና። የድሮ ቬስፓ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚጠጣው። ያ ዘይት ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የታንኩንም ውስጥ ቀብቶ ይኖራል። ያማሃ በ1964 እ.ኤ.አ. ኦቶሉብ የሚባለውን ዘዴ ሲያወጣ ዘይቱ የራሱ ታንክ ተሠራለትና በፓምፕ ወደ ሞተሩ መሄድ ጀመረ። ለነጂው ትልቅ ዕረፍት ነበር። የቤንዚኑ ታንክ ግን ያን ቅባት አጣ፤ ራቁቱን ቀረ።

የአባቴ ሞተር እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ያማሃ ዲቲ 125። የከብት ሐኪም ነበርና ገጠር ለገጠር ሲዞርበት ኖሯል። እሱ ካረፈ በኋላ ሞተሩ ጣሪያ ሥር ቆሞ ከረመ፤ ሳስነሣው በቀኝ በኩል ከኋላ ማንጠባጠብ ጀመረ። እኔም እንደ ሁሉም ሰው አደረግሁ። ጋራዥ ወሰድሁት፤ የባትሪ አሲድ ጨመሩበት፣ ጠጠር ከተው ናጡት፣ በውሃ አለቀለቁት፣ ኢፖክሲውን አፍስሰው እያገላበጡ አለበሱት። ማታ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ሳየው እንደ ሸክላ ሰሃን ነጭና ለስላሳ ሆኗል። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ዓመት ሞተሩ ዳገት ላይ ይጠፋብኝ ጀመር። ካንዴላ ቀየርሁ፣ ፊልትሮ ቀየርሁ፣ አልሆነም። የካርቡሬተሩን ሥር ስፈታ ነጫጭ ቅርፊት አገኘሁ። መዝጊያውን ነቅዬ ወደ ላይ ሳይ ደግሞ የሆነ ነገር ቀዳዳውን እንደ መጋረጃ ጋርዶታል። ሽቦ አጥፌ፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ አድርጌ ሳብሁት። የፈላ ወተት ላይ እንደሚነሣ ስልባቦት ተጠቅልሎ መጣ፤ የመዳፌን ያህል ይሰፋል። ፊቱ ያው ነጭ ነው፤ ሳገላብጠው ጀርባው በሙሉ ቀይ ዝገት ነበር፤ ዝገቱም እርጥብ ነበር። ኢፖክሲው ከላሜራው ጋር አልነበረም የተጣበቀው፤ ከዝገቱ ጋር ነበር። ከሥሩ ውሃ ገብቶ፣ ማንም ሳያየው፣ ሦስት ዓመት ሲበላ ኖሯል። አንድ የነበረው ቀዳዳ አምስት ሆኖ አገኘሁት።

ይህ የእኔ መጥፎ ዕድል ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ሲታሰብ ግን ሌላ ሊሆን አይችልም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም ቀብቶ ግድግዳው ደረቀ የሚል ሰው የለም። ዝገት ከተወለደበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ከልባሱ ሥር ትንሽ እንኳ ከቀረ፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እያበጠ ልባሱን ያነሣዋል። አንድ ጊዜ ከተነሣ ደግሞ በልባሱና በላሜራው መካከል ኪስ ይፈጠራል፤ ቤንዚኑም ውሃውም እዚያ ይገባሉ፤ አይታጠብም፣ አይደርቅም፣ አይታይም። የድሮዎቹ ልባሶች በተለይ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን አይችሉም፤ ይለሰልሱና ይላጣሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ልባሱ ለቀጣዩ ጠጋኝ በሩን መዝጋቱ ነው። ባዶ ላሜራ በስታኞ ይደፈናል። ኢፖክሲ የለበሰ ላሜራ ግን ሙቀት ሲነካው ከውስጥ ይቃጠላል፣ ይጨሳል፣ ስታኞውም በቀዳዳው ዙሪያ ከተቃጠለው ጋር ተደባልቆ አይዝም። ላልብሰው ያለ ሰው ከሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ወስኖለታል። ልባሱን ልላጥ ቢባል ደግሞ ሁነኛ የሚባለው ማስለቀቂያ ሜቲሊን ክሎራይድ ነው፤ ትነቱ ሰው ስለሚገድል በአውሮፓ ኅብረትም በአሜሪካም ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ የተከለከለ ኬሚካል። በአንድ ማታ ለተሠራ ሥራ የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

አሲዱንም ዝም ብዬ አላልፈውም። የባትሪ አሲድና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ዝገቱን ይበላሉ፤ እውነት ነው። ዝገቱን ሲጨርሱ ግን አያቆሙም፤ ጤነኛውን ብረት ይቀጥላሉ። አንድ ሚሊሜትር ካለው ላሜራ ላይ ግማሹ ቀድሞ በዝገት ሄዶ ከሆነ፣ አሲዱ የቀረውን ይካፈላል ማለት ነው። በስፌቱ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ደግሞ ከታጠበም በኋላ ሥራዋን አታቆምም። ጠጠሩ የራሱ ጣጣ አለው፤ አሸዋው ስፌት ውስጥ ይቀራል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል።

«ለብሶ አሥር ዓመት የቆየ ታንክ አውቃለሁ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም አውቃለሁ። ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ያ ታንክ ከመልበሱ በፊት ዝገቱ ተጠርጎ የወጣ፣ ቅባቱ የጠፋ፣ አጥንቱ ድረስ የደረቀ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ላሜራው እስከዚያ ድረስ ከጸዳና ቀዳዳው ከተደፈነ፣ ልባሱ ምን ሊሠራ ነው የሚገባው? ልባስ የሚይዘው ልባስ የማያስፈልገው ታንክ ላይ ነው። በጣም የሚያስፈልገው የመሰለን፣ ዝገት የነገሠበት ታንክ ላይ ደግሞ አይዝም። ይህን ጥያቄ ላገኘሁት መካኒክ ሁሉ አቅርቤዋለሁ፤ እስካሁን ያገኘሁት መልስ «ለጥንቃቄ» የሚል ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የሚያፈሰው ታንኩ መሆኑ ይረጋገጥ። ቤንዚን ሸተተ ተብሎ የሚለብስ ታንክ ስንት ነው! ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው የመዝጊያው ጓርኒሲዮን ነው፣ ወይም የደረቀ ጎማ ቱቦ ነው፣ ወይም ካርቡሬተሩ ነው። የካርቡሬተሩ ማፍሰስ ራሱ የታንኩ ዝገት የሚልከው ወሬ ሊሆን ይችላል፤ አንዲት ፍንጣሪ ዝገት የተንሳፋፊውን መርፌ ስትይዘው ቤንዚኑ አልዘጋ ይልና ይገነፍላል። ታንኩን ለመመርመር አውርዱት፣ ቤንዚኑን አውጡ፣ በላምባ ሙሉት፣ ስፌቱን በሙሉ ከውጭ በጠመኔ ቀቡት፤ ከዚያ አሳድሩት። ላምባ በዓይን የማትታየውን ቀዳዳ እንኳ ፈልጎ ያገኛል፤ ጠዋት ነጩ ጠመኔ ላይ የምታዩት ጥቁር ነጥብ ቦታውን በትክክል ያሳያችኋል። ይህን የተማርሁት በኋላ ነው፤ ቀድሜ ባውቀው የአባቴ ታንክ ያን ሁሉ ባላየ።

ዝገቱን ለማስለቀቅ አሲድ አያስፈልግም። ትንሽ ባትሪ ቻርጀር፣ አንድ ዘንግ ፌሮ፣ ውሃና ሶዳ አሽ ይበቃሉ። ሶዳ አሽ ያው የልብስ ሶዳ ነው፤ በአገራችን ከአቢጃታ ሐይቅ ሲመረት የኖረው። በመጀመሪያ ታንኩ ቤንዚን እስከማይሸት ድረስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፤ ይህ አይዘለልም። ከዚያ በውሃ ይሞላል፤ ለአራት ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ይበቃዋል። ፌሮው ላሜራውን እንዳይነካ በጎማ ተይዞ በክዳኑ አፍ ይገባል። የቻርጀሩ ኔጌቲቭ ከታንኩ፣ ፖዘቲቩ ከፌሮው ጋር ይያያዛል፤ ገመዱ ተያይዞ ካለቀ በኋላ ብቻ ቻርጀሩ ይሰካል። ውሃው ይፈላል፣ ይደፈርሳል፣ ዝገቱ ጥቁር ሆኖ ይለቃል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን፣ ሲጋራ አይቅረበው። ፌሮውን በማይዝግ ብረት የሚተኩ አሉ፤ ውሃውን መርዝ ያደርገዋል፣ አይደረግም። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ነገር ጤነኛውን ላሜራ አለመንካቱ ነው፤ ቢረሳ እንኳ አይበላውም። ሲታጠብ ወዲያው በሙቅ አየር ይድረቅና ጥቂት የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይፍሰስበት፤ ባዶውን ከቆየ በሰዓታት ውስጥ ቀይ ይሆናል።

ቀዳዳው የሚደፈነው ከዚህ በኋላ ነው። የቀረውን ኢፖክሲ በሽቦና በአሴቶን ከላጥሁ በኋላ፣ የእኔን ታንክ የደፈኑት አንድ አዛውንት ባትላሜራ ናቸው። ታንኩን ተቀብለው መጀመሪያ ያደረጉት ማሽተት ነበር። «ልጄ፣ ገና ነው» አሉኝና መለሱልኝ። ሁለት ቀን አፉን ከፍቼ ፀሐይ ላይ አቆየሁት፤ ደግሜ አጠብሁት። ስመለስ እንደገና አሸተቱ፤ ከዚያ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ አጋድመው እስከ አፋቸው ሥር ድረስ ውሃ ሞሉት፤ ትነት የሚጠራቀምበት ቦታ እንዳይኖር። ከሰሉ ግቢው ማዶ ነበር የሚነደው። ጫፉ ድፍን መዳብ የሆነ፣ ጡጫ የሚያክል የስታኞ ብረት እዚያ አግለው ይዘውት ይመጣሉ እንጂ እሳቱን ወደ ታንኩ አያመጡም። ላሜራውን እስኪያብረቀርቅ ፋቁት፣ ስታኞውን የሚያሲዘውን ፈሳሽ በላባ ቀቡት፣ ብረቱን አሳረፉበት። ስታኞው እንደ ውሃ ተዘርግቶ ስፌቱ ውስጥ ሲገባ ይታያል። አምስቱንም ቀዳዳ ለመድፈን ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። የቀሩት ቀናት በሙሉ የጽዳት ነበሩ።

ስታኞ ከ200 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት መቅለጥ ስለሚጀምር ላሜራውን አያጣምመውም፣ ቀለሙም የሚነካው ቀዳዳው አካባቢ ብቻ ነው። ወደ ብየዳ የሚሮጡ አሉ፤ ልመናዬ ለእነሱ ነው። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይልቅ አደገኛ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየሩ አንድ በመቶ ተኩል ያህል ሲሆን ጀምሮ ይነድዳል፤ «ዓመት ቆይቷል፣ ደርቋል» የተባለ ታንክ ከዝገቱ ውስጥ ትነት እየለቀቀ በያጁ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የበያጅ ልጆች አባት አልባ የሚሆኑበት ሥራ ነው። ማንም ደንበኛ «ፈጠን በል» ብሎ ይህን ሊያስደርግ መብት የለውም።

ሳሙናውን ግን አልነቅፍም። መንገድ ላይ ታንኩ ሲያፈስ ደረቅ ሳሙና ቀዳዳው ላይ ማሸት የሹፌሮቻችን የቆየ ብልኃት ነው፤ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟምና ቤት ያደርሳል። ሳሙና ራሱን መድኃኒት አይልም። ዝናብ ሲነካው ይሄዳል፣ ባለቤቱም ሥራ እንደቀረው ያውቃል። ኢፖክሲው ያታልላል፤ ከላይ ነጭ ነው።

ጥፋቱን መካኒኮች ላይ ብቻ ልጥል አልፈልግም። ማታ ልውሰድ የሚለው ማን ሆነና? አምስት ቀን ይፈጃል ያለ ባለሙያ ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄድበታል። በአንድ ማታ የሚያለብሰው ሰው የአምስቱን ቀን ሥራ የማያውቅ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ የሚከፍለው አጥቶ ነው። ለቀለሙና ለኮርቻው ያልሳሳ የድሮ ሞተር ባለቤት፣ የማይታየው የታንኩ ሆድ ላይ ሲደርስ ቶሎ በሉ ይላል። ስታኞ የያዙት እጆች እያረጁ ነው፤ ሥራ ካላገኙ ልጆቻቸው ይህን አይማሩም።

«አዲስ ግዛና ተገላገል» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ለብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች ፋብሪካው ታንክ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ተመሳስሎ የሚሠራው አንዳንዴ ጥሩ ነው፤ ግን እሱም ላሜራ ነው፣ ክዳኑም ይተነፍሳል። ውሃውን ሳናስቆም የተገዛ ታንክ ያው አሮጌው ወደነበረበት ይሄዳል። ሞተር ሊቆም ከሆነ ታንኩ እስከ አፉ ይሞላ፤ ወይም ፈጽሞ ደርቆ በዘይት ይቀባ። ግማሽ ሆኖ አይቁም። የክዳኑ ጎማ ይታይ። በዓመት አንድ ጊዜ መዝጊያው ተፈትቶ ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ይፍሰስ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ቦታ ግን እቀበላለሁ። ወለሉ በሙሉ እንደ ወንፊት የሆነ፣ ስታኞ የሚይዝበት ጤነኛ ጠርዝ ያልቀረው ታንክ አለ። ቢቻል ባትላሜራው ወለሉን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይቀይረው፤ ያን የሚሠራ ካልተገኘ እንዲህ ዓይነቱ ይልበስ፤ ግን ባለቤቱ ጊዜ እየገዛ መሆኑን ይወቅ፣ ማደያ ላይም የሚቀዳው ቤንዚን ኢታኖል አለበት ወይ ብሎ ይጠይቅ።

የአባቴ ታንክ ከተደፈነ አራት ክረምት አልፎታል። በየመስከረሙ አውርጄ ላምባ እሞላዋለሁ፣ ስፌቱን ጠመኔ እቀባዋለሁ፣ አሳድረዋለሁ። አምስቱም ቦታ ደረቅ ነው። ከፊት በኩል፣ የክዳኑ አፍ ከሚያሳየው አልፎ፣ ሽቦዬም አሴቶኑም ያልደረሱበት የአውራ ጣት ያህል ነጭ ኢፖክሲ አለ። በመስታወት ሳየው ጠርዙ ትንሽ ተነሥቷል፤ ዘንድሮ ከአምናው ይልቅ ሰፍቶ አየሁት።